የዳኛው ሁለተኛ ቦርሳ

ኦልድ ባይት፣ ካት ደሴት
ጁላይ 9 ቀን 1978

ለእህቴ ለሚዝፓ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፍየሎቹም ደህና ናቸው፤ ቤቱም ቆሟል። ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የፖስታው ጀልባ ሞተሩ ተበላሽቶ ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ... እሺ፣ ስንፍና ነው። ተቆጭኝና ይለፍልኝ።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርሽ። የዘንድሮው የደሴቶች የሶፍትቦል ዋንጫ ማጠቃለያ በኦክቶበር እዚህ እኛ ሜዳ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። እኛ ሜዳ! ፍየል ካልበላው በስተቀር ሣር የማናውቅ ሰዎች ሜዳ ላይ! ከናሶ ይመጣሉ፣ ከኤክሱማ ይመጣሉ፣ ከአባኮ ይመጣሉ። ዱላ ከያዘው መቺ ጀርባ ቆሞ እያንዳንዷ የተወረወረች ኳስ ልክ ናት አይደለችም ብሎ የሚፈርደው ዋና ዳኛ ደግሞ ወንድምሽ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጠርቶኝ እጄን ጨብጦኛል።

ስለዚህ ከአሁኑ ዕቃ መሸከፍ ጀምሬያለሁ። አንቺ ሁሌ ትስቂብኛለሽ እንጂ ያለ ሁለት ቦርሳ ሜዳ አልወጣም። አንደኛው የምለብሰው ነው፤ ሁለተኛው መጠባበቂያው። ናሶ ያለ ዳኛ ማሰሪያ ቢበጠስበት ሱቅ ይሮጣል። እኔ ቢበጠስብኝ ሃያ ተጫዋች አቁሜ የሚቀጥለውን ጀልባ ልጠብቅ ነው? እባክሽ ለፊት መከላከያዬ ትርፍ ላስቲክ፣ ለቅልጥም መከላከያው ማሰሪያ፣ መቺው አጠገቡ የሚቆምበትን የመሬት ሰሌዳ የምጠርግበት ትንሽ ብሩሽና ጥቁር የጫማ ክር ላኪልኝ። ሱሪም አንድ ጨምሪበት። አምና ጎንበስ ስል የሆነውን አገር አይቶታል።

ስለ ዓይኔ ለጠየቅሽው ደህና ነኝ ብያለሁ። ጠብታው ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጠርሙሱ ላይ ምንም ወረቀት የለበትም፤ መንገድ ላይ ረጥቦ ተላጠ መሰለኝ። ለማንኛውም በደንብ ተቀምጧል። የአባባን ነገር ግን ደጋግመሽ አታንሺብኝ። አባባ በኔ ዕድሜ ግድግዳ እየዳሰሰ ነበር የሚሄደው። እኔ ይኸው ፀሐይ ላይ ቆሜ እፈርዳለሁ።

ወንድምሽ ኤልሪክ


ናሶ፣ ጁላይ 23 ቀን 1978

ጋሼ ኤልሪክ፣

እንደምን ከረምክ? እንኳን ደስ ያለህ። ደብዳቤህን ለሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሴቶች አነበብኩላቸው። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ኔሪሳ «ወንድምሽ ሊዳኝ ነው ወይስ ሊያገባ?» አለችኝ። ሙሽራም እንዳንተ ዕቃ አያሰናዳም።

ያዘዝከው ሁሉ ተልኳል። ሱሪውን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌዋለሁ፤ እንዳትቀየመኝ፣ ወገብህን አውቀዋለሁ። ሌላ ጠብታም አብሮ አለ። የጀልባውን ካፒቴን በእጅህ እንጂ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። መድኃኒቱን ከየት ታመጣዋለች እንዳትል፦ አልሰረቅኩም። ይህ ይበቃሃል።

አሁን ቀልዱን እንተወውና ስማኝ። ጠዋት አንድ ጠብታ፣ ማታ አንድ ጠብታ፣ በሁለቱም ዓይንህ። የዓይን ግፊት አያምም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣና አንድ ቀን መሐሉን ይወስደዋል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ማቆየት ብቻ ነው የሚቻለው። ይህን እዚሁ ሆስፒታል ከሐኪሙ አፍ ነው የሰማሁት። በኦክቶበር ከውጭ አገር የዓይን ቀዶ ሐኪም ይመጣል፤ የሚቆየው ለጥቂት ቀን ነው። ግፊት ያለበትን ሰው ቀዶ የቀረውን ያተርፍለታል ይላሉ። ሳይከፋብህ ያኔ ናና ይይህ።

አባባን አታንሺ ትላለህ። እኔ ነኝ እኮ ያጎረስኩት! አንተ ባሕር ላይ ነበርክ። ሰሐኑን በእጁ እየዳበሰ «ዓሣው የት ነው ልጄ?» ሲለኝ የሰማሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ አነሳዋለሁ።

እህትህ ሚዝፓ


ኦልድ ባይት፣ ኦገስት 20 ቀን 1978

እቴ ሚዝፓ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጉልበትሽ ተሻለሽ? ያ የማጠቢያ ቤት እርጥበት ነው የሚገድልሽ። ከዕቃው በኋላ ከአጭር ደብዳቤሽ ጋር የላክሻት ሌላዋ ጠብታም ደርሳኛለች። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። መጻፍ እንደ ድሮው አይፈጥንልኝም፤ መስመሩ ይሸሻል።

ዕቃው ሁሉ ደርሷል። ብሩሹ ከማማሩ የተነሳ ሲፕሪያን አይቶት «ጋሽ ኤልሪክ፣ ይኼንንማ መሬት ላይ አያዋርዱት፣ ጥርስዎን ይቦርሹበት» አለኝ። ሲፕሪያንን ታውቂዋለሽ፤ የዳቦ ጋጋሪዋ የኢና የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። እኔ ከመቺው ጀርባ ስቆም እሱ መቺው መትቶ የሚሮጥባቸው ቤዞቹ ጋ ሆኖ ሯጮቹን ይዳኛል።

ያን ቅዳሜ ስለሆነው ነገር ማን እንደነገረሽ አልጠይቅም፤ ካፒቴኑ ነው። የዚያ ሰው አፍ ከጀልባው ቀድሞ ነው ወደብ የሚደርሰው። አዎ፣ ልክ ናት ያልኳት ኳስ ከመቺው ራስ በላይ ነው ያለፈችው ብለው ተከራክረውኛል። ከዳኛ ጋር የማይከራከር ማን አለ? ማንም አልተጎዳም፤ ጨዋታው አልቋል፤ አበቃ።

ናሶ ና ላልሽኝ አልችልም። ሜዳውን ለማን ልተወው? ሲፕሪያን ደግ ሰው ነው፤ ከመቺው ጀርባ ሲቆም ግን ኳሷ ስትመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። በደሴቶቹ ዋንጫ ዓይኑን የሚጨፍን ዳኛ አቁሜ ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል?

ደግሞ ያን ያህል አልከፋሁም። ሲመሽ አምፖሉ ዙሪያ ቀለበት አያለሁ፤ ግንባሬን ያመኛል፤ ድካም ነው። ቀኙ ትንሽ ሰንፏል፤ ግራው ግን አለልኝ። እግዜር ሁለት አድርጎ የሰጠን ለዚሁ አይደል? መድኃኒቱ ይባክናል ብለሽም አትስጊ። ሦስቱም ጠርሙስ ማሸጊያቸው ሳይነካ ሁለተኛው ቦርሳ ውስጥ ናቸው፤ እንዳይሰበሩ በካልሲ ጠቅልያቸዋለሁ። ግራው መድከም የጀመረ ዕለት እከፍታቸዋለሁ። ዳኝነት ያስተማረኝ ሽማግሌ መጀመሪያ የነገረኝ እሱን ነው፤ የያዝከው ዕቃ እየሠራ መጠባበቂያውን አትንካ፣ በቸገረህ ቀን ባዶ እጅህን ትቀራለህ ብሎኛል። እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም።

ወንድምሽ ኤልሪክ


ናሶ፣ ኦገስት 27 ቀን 1978

ኤልሪክ፣

ሰላምታ የለኝም። ደብዳቤህን ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጮኼ ኖሮ ሴቶቹ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ከበቡኝ። ምን ልበላቸው? ወንድሜ መድኃኒቱን ካልሲ አልብሶ አስተኛው ልበል?

አንተ ሰውዬ፣ ዓይን ላስቲክ መሰለህ እንዴ? ሲበጠስ የምትቀይረው? መድኃኒቱ የጠፋውን ዓይን አይመልስም ብዬህ ነበር እኮ፤ በግልጽ ጽፌልህ ነበር! መጠባበቂያ አይደለም፤ በየቀኑ የሚለበስ ነው። ግራውም መጠባበቂያ አይደለም። ዓይን እስኮርታ የለውም፣ ኤልሪክ! ወይኔ ሚዝፓ! ሲደክም እከፍተዋለሁ ትላለህ። ሲደክም እኮ አለቀ ማለት ነው።

እስከ ዛሬ የደበቅሁህ ነገር አለ። ብሞት አልነግርህም ነበር፤ አሁን ግን አፌን አስከፈትከኝ። ጠብታው የኔ ነው። ለኔ የታዘዘ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ሐኪሙ አይቶኝ «የአባትሽ በሽታ አንቺም ጋ ደርሷል፣ ወንድም ካለሽ ይምጣ» አለኝ። «ለወንድሜም ስጠኝ» ስለው «ላላየሁት ሰው መድኃኒት አልሰጥም» አለኝ። እኔ ከተማ ነኝ፣ ሐኪም ቅርቤ ነው፣ እሱ ይቅደም ብዬ የኔን ላክሁልህ። ስሜ ያለበትን ወረቀት በሙቅ ውሃ የላጥኩት እኔው ነኝ፤ ብታውቅ እንደማትቀበለኝ አውቃለሁ። ከፋሲካ ወዲህ አንዲት ጠብታ ዓይኔ ውስጥ አልገባችም። ደረጃ ስወርድ የመጨረሻዋ እርከን ትጠፋኛለች። ባለፈው ወር ትኩስ አንሶላ የያዘ ጋሪ ገፍቼ ሰው ላይ ወጣሁ፤ አላየሁትም ነበር።

እኔም አላየሁበት፣ አንተም አላየህበት። እሱ ካልሲ ውስጥ ተኝቷል።

ስድቤን ይቅር በለኝ። አይ፣ ተወው፣ ይቅር አትበለኝ፤ ብቻ ክፈተው። ይህን ደብዳቤ እንደጨረስክ ክፈተው። ቀኙ «ሰንፏል» ያልከኝ ምን ያህል እንደሆነም እውነቱን ንገረኝ። አንዱን ዓይንህን ይዘህ በሌላው ደጃፍህ ላይ ያለውን የሎሚ ዛፍ እየውና ያየኸውን ጻፍልኝ።

ሚዝፓ


ኦልድ ባይት፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1978

እቴ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ደብዳቤሽን ያነበበልኝ ሲፕሪያን ነው። ጽሑፍሽ ጠፍቶኝ እንዳይመስልሽ፤ አለቀስኩና መስመሩ ጠፋኝ። ሲፕሪያንም አንብቦ ሲጨርስ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ሁለቱን ጠርሙስ ለካፒቴኑ ሰጥቻለሁ። በእግዜር ይዤሻለሁ፣ በደረሱሽ ቀን ክፈቺያቸው። ሦስተኛውን እኔ ከፍቻለሁ፤ ጠዋትና ማታ ባልሽኝ መሠረት አደርጋለሁ። ያንቺን ብርሃን በልቼ ሳላውቀው ተቀምጬ ኖሬያለሁ፤ ይህን እንዴት አድርጌ እንደምሸከመው አላውቅም። ይቅር በዪኝ ብል አፌ አያምርም።

የሎሚውን ዛፍ ለጠየቅሽኝ፦ ቀኙን ይዤ በግራው ሳይ ዛፉ አለ፤ ከታች በኩል ደመና ነገር ይጋርደዋል፤ ሎሚዎቹ ግን ይታዩኛል። ግራውን ይዤ በቀኙ ሳይ ምንም የለም። ዛፉም የለም፣ ደጁም የለም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለራሴም ደብቄው ነበርና አላውቅም።

«ታዲያ እንዴት ነው የምትፈርደው?» ማለትሽ አይቀርም። የወርዋሪው ክንድ ይታየኛል። ከዚያ በኋላ ያለው በጆሮዬ ነው። ከመቺው ኋላ የሚቀመጠው ቀላቢ ኳሷን ሲይዛት ጓንቱ የሚጮኸውን እሰማለሁ፤ ጓንቱ የት ላይ እንደቆመ አይቼ እፈርዳለሁ። እስካሁን ብዙም አልሳትኩም። ጠብታውን ካደረግኩ ወዲህ ግን ዓለም ሁሉ ደብዘዝ ይልብኛል፤ በተለይ ደመና ሲሆን። ስለዚህ ጨዋታ ባለበት ጠዋት እተወዋለሁ። አትጩሂብኝ።

ሜዳውን ተው ትይኛለሽ። ትቼውስ ምን ልሆን? እዚህ አገር ሰው «ዳኛው» እያለ ነው የሚጠራኝ። አባባ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ሰው ሁሉ እንደ ዕቃ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ያነሳው ነበር። ምን ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ፈርቻለሁ ሚዝፓ። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ በጣም ፈርቻለሁ።

ኤልሪክ


ናሶ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1978

ጋሼ፣ ወንድምዬ፣

ጠርሙሶቹ ደርሰውኛል። እያደረግኩ ነው፤ ከደብዳቤህ በፊት ነው የከፈትኳቸው። ከባድ ቃል ጽፌልህ ከሆነ ስለ እናታችን ብለህ ይቅር በለኝ። እኔም ፈርቻለሁ። ሁለታችንም ፈሪ ነን፤ ከእንግዲህ ምን ያኮራናል?

ቀዶ ሐኪሙ መጥቷል። አየኝ። የአንተንም ነገር ሁሉ፣ የሎሚውን ዛፍ ሳይቀር ነገርኩት። ሰምቶኝ «ግራው አሁኑኑ ካልተያዘ የገና በዓል እስኪመጣ አይቆይለትም» አለ። ሰኞ ኦክቶበር 16 ለሁለታችንም ቦታ ይዞልናል፤ በማግስቱ ይሄዳል። ሌላ ጊዜ መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ የማክሰኞውን ጀልባ፣ የኦክቶበር 10ን መያዝ አለብህ። ዋንጫው ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ጀልባ የለም፤ ሐኪሙም የለም። አየህ፣ ወይ ዋንጫው ነው ወይ ዓይንህ ነው። ሲፕሪያን ይጨፍን! ይጨፍንና ይፍረድ! ኳስ ናት እኮ ጋሼ፣ ኳስ ናት!

ይህንንም ስማ። አንተ ካልመጣህ እኔም አልገባም። ስሜን ሲጠሩ አልነሳም። «ምን አገባሽ፣ ያንቺን ዓይን አድኚ» ትለኝ ይሆናል፤ ኔሪሳም ብላኛለች፣ ቄሱም ብለውኛል። አንተ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ እኔ ምን ልይበት? ተንበርክኬ ነው የምለምንህ። ረቡዕ ጠዋት ወደብ ላይ እጠብቅሃለሁ።

ሚዝፓ


ኦልድ ባይት፣ ቅዳሜ ኦክቶበር 14 ቀን 1978

እህቴ፣

ይህን የሚጽፍልኝ ሲፕሪያን ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ደብዳቤውን የናሶው ቡድን ቀላቢ ዛሬ ከሰዓት ቡድኑ በተከራያት አውሮፕላን ይዞት ይመጣል፤ ማጠቢያ ቤቱ ድረስ አደርሳለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኛል።

ወደብ ላይ ቆመሽ መቅረቴን እያሰብኩ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላልኝ አለ። ማክሰኞ ጀልባው ጋ ወርጄ ነበር። ሁለቱንም ቦርሳ ይዤ ቆምኩ። ካፒቴኑ «ግባ እንጂ ኤልሪክ፣ እህትህ ትገድለኛለች» አለኝ። ገመዱን ሲፈታ ዞር ብዬ ሜዳው ያለበትን አቅጣጫ አየሁ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ደካማ ነኝ። ሌላ ምን ልበልሽ?

ሐሙስና ዓርብ በጓንቱ ድምፅ ተወጣሁት። በዛሬው የዋንጫ ጨዋታ ናሶና ኤክሱማ እኩል ለእኩል ሆነው መጨረሻው ላይ ደረሱ። ቤዞቹ ሁሉ ላይ የኤክሱማ ሯጭ ቆሟል። ለመቺው የቀረችው አንዲት ኳስ ናት። ልክ ናት ካልኩ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ልክ አይደለችም ካልኩ መቺው በነፃ ያልፋል፣ የፊተኛው ሯጭም ተገፍቶ ነጥብ ያስገባል፤ ዋንጫው ኤክሱማ ይገባል። ወርዋሪው ክንዱን ሲያዞር አየሁት። በዚያው ቅጽበት ነፋስ ከባሕር ተነሣ፤ ሰዉም ጮኸ፤ የጓንቱን ድምፅ አልሰማሁም። ኳሷን አላየሁም። ጓንቱ የት እንደቆመም አላየሁም። መቺው ዱላውን እንዳነሣ ቆሟል። ሁሉም እኔን ያያል።

መዋሸት እችል ነበር ሚዝፓ። ግማሹ ይጮሃል፣ ግማሹ ይጨፍራል፤ ማንም አያውቅብኝም። እጄን ላነሣ አልኩ። ያኔ ስምሽ ሲጠራ ተቀምጠሽ ታየሽኝ። እኔ ዛሬ ከዋሸሁ ነገም እዋሻለሁ፣ ከነገ ወዲያም እዋሻለሁ፤ አንቺም እዚያ ወንበር ላይ ትቀሪያለሽ። ጨዋታውን አስቆምኩ። መከላከያውን ከፊቴ አወለቅኩ። ሁለቱን አሠልጣኞች ጠርቼ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አላየኋትም። ዓይኔ ጠፍቷል» አልኳቸው።

ዕድሜዬን ሙሉ «ዕውር!» ሲሉኝ ኖረዋል። ጎረቤት ብሎኛል፣ ዲያቆን ብሎኛል፣ የገዛ ሚስቴ ነፍሷን ይማርና አጥር ላይ ወጥታ ብላኛለች። ስቄ ነው የማልፈው፤ የዳኛ ቀለቡ ነው። ዛሬ ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አንድም ሰው አላለኝም። ዝም አሉ። ከዚያ ዝምታ ስድባቸው በስንት ጣዕሙ!

ሲፕሪያን መጥቶ ደረቴ ላይ ያለውን መከላከያ ፈታልኝና ለበሰው። (ይህን አልጽፍም ብሎኝ ነበር፤ ጻፍ አልኩት።) ኳሷ እንደገና ተወረወረች። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቅኩም። ዓይኑን አለመጨፈኑን ግን ጠይቄ ነግረውኛል።

የናሶው አሠልጣኝ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነገሩን ሁሉ ጠየቀኝ፤ ስለ ሰኞው ስነግረው ተነሥቶ ሄደ። አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ቡድኑን በሁለት ጊዜ ነው የምታመላልሰው። ተመልሶ መጥቶ «አባቴ፣ ነገ ጠዋት በኔ ቦታ ይበርራሉ፤ እኔ በጀልባ እመጣለሁ» አለኝ። እጁን ልስም ፈልጌ አጣሁት።

ሐኪሙ ግራውን ያተርፈው እንደሆነ አላውቅም። ከታች የሚጋርደኝ ደመና ዛሬ ከፍ ብሏል። ያንቺን ግን ያትርፍልኝ፤ ሰኞ አብረን እንገባለን፣ ስምሽ ሲጠራ ትነሻለሽ።

ነገ አውሮፕላን ማረፊያው ስትመጪ ከአጥሩ ማዶ ሆነሽ እጅሽን አታውለብልቢልኝ። በስሜ ጥሪኝ።

ወንድምሽ ኤልሪክ